ስድስት የመለያየት ግሶችና አንድ የስም ዝርዝር

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት መምህር ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣ። ናትናኤል ይባላል፤ ባዶ እጁን ሰው ቤት የማይገባ ጨዋ ልጅ ነው። ያመጣውን ሙዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ቲቸር፣ ያቺን የእንግሊዝኛ ግስ ደብተርዎን ያውሱኝ» አለኝ። አወጣሁለት። ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሳቀ።

«ለስድስት ግስ አርባ ገጽ? ይኸው ስልኬ በአንድ ቃል ጨርሶታል እኮ!»

አሳየኝ። ሴፓሬት ሲለው መለየት፣ ዲቫይድ ሲለው መለየት፣ ስፕሊት ሲለው መለየት። ፓርትም፣ ዲታችም፣ ሰቨርም እንደዚያው። ደሜ ፈላ።

«ናቲ፣ አንተ ዳቦ ትፈልጣለህ?»

«ኧረ እቆርሳለሁ።»

«እንጨትስ ትቆርሳለህ?»

«እፈልጣለሁ።»

«በድንጋይ ራስህን ቢሉህስ?»

«እፈነከታለሁ» አለና ገብቶት እንደ ተማሪ አቀረቀረ።

«ገመድ ይበጠሳል፣ ጨርቅ ይቀደዳል፣ ቅርንጫፍ ይገነጠላል። ያንተ ቋንቋ ይህን ሁሉ ሲለይ፣ የሰው አገር ቋንቋ በአንድ ቃል የሚያልቅ ለምን መሰለህ?» አልኩትና ደብተሩን ሰጠሁት።

እሱን ሸኝቼ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስለ እነዚህ ስድስት ግሶች ሠላሳ ስምንት ዓመት ለፍልፌአለሁ። አንድ ጊዜ ግን ከቃል አልፌ ልጆችን በእጄ ለያይቻለሁ። ሉባባ የምትባል ተማሪዬ በዚያ ምክንያት ከትምህርት ቀረች፤ ጥፋቱም የሌላ ሰው ይመስላታል። የእኔ እጅ እንዳለበት ሳልነግራት ሃያ ዓመት አለፈ። ሥራ እያለ ሥራው ያስረሳል። ጡረተኛ ሆኖ ቤት መቀመጥ ግን ሌላ ነው፤ ሳልነግራት ብሞትስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚያን ቀን ነው።

የተወለድኩት እዚሁ ጅማ ነው። አባቴ ከሸዋ በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከሰፈር፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ለቃቅሜ መምህርት ሆንኩ። የመጀመሪያ ምድቤ ሰኮሩ ነበር፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለች፣ መኪና ሲያልፍባት የምትውል ከተማ። ደመወዙን አላነሳውም፤ ዛሬ ቢነገር ተረት ይመስላል።

ሰኮሩ ላይ እንደ ስልኩ ነበርኩ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እደረድራለሁ፤ ልጆቹ ይሸመድዳሉ። አንድ ቀን «ፓርት» በሚለው ግስ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኩ። ግሱ የጠፋበት አንድ ልጅ ከዝርዝሬ ቀጥሎ ያገኘውን «ሰቨር» አንስቶ፣ አባቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶት እንደ ተለያዩ ለመናገር፣ አባቱ እንደ ክንድ ቆርጦ እንደ ጣለው ጻፈ። መምህራን ክፍል ሦስት ቀን ሳቅንበት። በአራተኛው ቀን ዝርዝሬን ሳየው ከሁለቱም ግሶች ፊት ለፊት «መለያየት» ብዬ በእጄ ጽፌአለሁ። ልጁ የሰጠሁትን ነው የመለሰልኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሸቤ ተዛወርኩ። ሸቤ ቡና ነው፤ ከቡና የተረፈው ሰዓት ነው ለትምህርትም ለሌላውም የሚሆነው። እዚያ ነው ጋሽ ተማምን ያገኘሁት።

ጋሽ ተማም የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ኪሱ ሁልጊዜ ያበጠ። ኪሱ ውስጥ ክር አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ምላጭ በወረቀት ተጠቅልሎ አለ፣ ቆሎ አለ። ቆሎው ለማስተማሪያ ነው ይላሉ እንጂ ግማሹን ራሳቸው ናቸው የሚበሉት። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። «ተሳስተሃል» ሲሉም ሰምቼ አላውቅም። ልጅ ሲሳሳት መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉና «ሜ፣ በእጅህ አሳየኝ» ይላሉ። «ሜ» በኦሮምኛ እስኪ እንደማለት ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርታቸውን ኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ። አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ቁና እሸት ቡና አስመጡ። ቀይ ፍሬውን ባልዲው ውስጥ ገለበጡት። ደህናው ሰጠመ፣ ቀላሉና የተበላው ተንሳፈፈ። አንዷ ልጅ የተንሳፈፈውን ጨልፋ ለብቻ አደረገችው።

«ይሄ ሴፓሬት ነው» አሉ። «የሰጠመውም ቡና፣ የተንሳፈፈውም ቡና። ተቀላቅለው ነበር፣ አሁን ለየብቻ ናቸው። አንዱም አልተሰበረም።»

ቀጥለው አንድ ቀይ ፍሬ በሁለት ጣታቸው ጨመቁ። ሁለቱ ነጫጭ ፍሬዎች ሙልጭ ብለው ወጡ። «ይሄስ?»

ክፍሉ በሙሉ «ስፕሊት!» ብሎ ጮኸ። እኔም በሆዴ ስፕሊት ብያለሁ።

መነጽሩ ወለቀ። «ድሮ ስንት ነበሩ?»

«ሁለት።»

«አሁንስ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ማንን ሰነጠቅን? ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከአንድ ቤት አስወጣናቸው እንጂ።» ከኪሳቸው ደረቅ ቡና አውጥተው በጥርሳቸው ቀጭ አደረጉት። «አንድ የነበረው ለሁለት ሲሄድ፣ እሱ ነው ስፕሊት። በኦሮምኛስ?»

«በቀቅሱ!» አሉ ልጆቹ። እንጨት መፍለጥም ያው ነው።

ለዲቫይድ ቆሎውን አወጡ። አንድ እፍኝ ለአምስት ልጅ ሰጥተው ተካፈሉ አሉ። «ዲቫይድ ድርሻ አለው፤ ከመክፈልህ በፊት ለማን እንደሚደርስ ታስባለህ።» ለፓርት ሁለት ጓደኛሞችን አስነስተው አብረው እስከ በሩ እንዲሄዱ፣ ከዚያ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እንዲታጠፍ አደረጉ። ልጆቹ ሳያዟቸው ዞረው ተያዩ። «አያችሁ? ፓርት እንዲህ ነው፤ ሰው ነው የሚያደርገው፣ ዞሮ ያያል።» ለዲታች ቁልፍ ከማንጠልጠያው አውጥተው መልሰው አስገቡት። ለሰቨር ክሩን ወጥረው በምላጭ በጠሱት። ስለ እሱ ብዙ አላወሩም። «ይቺን ግስ ስትጠቀሙ ቀስ በሉ» ብቻ አሉ።

እኔ ዲግሪ ይዤ የማላውቀውን ነገር በአንድ ባልዲ ጨረሱት። በዚያ ሳምንት ነው ደብተሩን የጀመርኩት።

ጋሽ ተማም ሌላም ልማድ ነበራቸው። በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲቀላ ከክፍሉ ግማሹ ለለቀማ ይጠፋል። ያን ጊዜ የእናት የአባት ማሳ ይቀድማል፤ የሚወቀስም የለም። ታኅሣሥ ላይ እጃቸው ጠቁሮ ይመለሳሉ። አብዛኛው መምህር «የት ነበራችሁ?» ብሎ ያልፋቸዋል። ጋሽ ተማም ግን ሳይቀር ከተማረው ልጅ ጎን ከለቀማ የተመለሰውን ያስቀምጡታል፤ ለሁለት ሳምንት አዲስ ትምህርት አይጀምሩም፣ ያልቀረው ልጅ ለተመለሰው ያስተምራል። ለሚያጉረመርም ኃላፊ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ከለቀማ የተመለሰ ልጅ ብቻውን አይቀመጥም።» ያልቀረውም ልጅ ሲያስተምር ሁለት ጊዜ ይማራል ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰ። ልማዱንም ይዤ ቀጠልኩ።

ሉባባ ወደ እኔ የመጣችው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ በሰው ማሳ ቡና ትለቅማለች፣ እሷም በየዓመቱ አምስት ሳምንት አብራት ትለቅማለች። ፓርት በሚለው ግስ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብዬ ብሰጥ፣ «እኔና እናቴ ማለዳ ማሳው በር ላይ እንለያያለን፤ ረድፋችን ሲያልቅ እንገናኛለን» ብላ ጻፈች። ለጋሽ ተማም ወስጄ አነበብኩላቸው። «ይቺ አልሸመደደችውም፣ ኖራዋለች» አሉ። በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች።

አሥረኛ ክፍል ስትገባ አዲስ ዳይሬክተር መጣልን፤ አቶ ጌቱ። ክፉ ሰው አልነበረም። ማለዳ ከዘበኛው ቀድሞ የሚገባ፣ የተሰበረ ወንበር ራሱ የሚጠግን ሰው ነበር። ግን የብሔራዊ ፈተና ውጤት አሳስቦታል፣ ከላይም ይጠይቁታል። ታኅሣሥ ላይ ስብሰባ ጠራን። «ከለቀማ የተመለሱት ሌሎቹን ወደ ኋላ እየጎተቱ ነው። ለብቻ ክፍል ይሁኑና ከሰዓት በኋላ ይማሩ። የየክፍሉ ኃላፊ ለነገ ስም ዝርዝር ያምጣ» አለ።

የሉባባ ክፍል ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አንድ ሁለት ቃል ተቃወምኩ። አጥብቄ ግን አልተቃወምኩም። እውነቱን ልናገር፤ ያ የሁለት ሳምንት ማጣመር ያደክማል፣ እኔም ከክፍሏ መቶ በመቶ አሳለፈች መባል አምሮኝ ነበር። ሃያ ሦስት ስም ጻፍኩ። ሉባባ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። እሷ ብቻ ብትቀር ሌሎቹ ምን ይላሉ ብዬ ራሴን አታለልኩና ጻፍኳት። በማግስቱ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አቶ ጌቱ ዝርዝሩን ራሱ አነበበው። ስሙ የተጠራ ሁሉ ከመስመሩ ወጥቶ በስተግራ ቆመ። ሉባባ ስትወጣ ልጆቹ ዞረው አዩዋት፤ አንደኛዋ ልጅ ናታ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ያንን ክፍል የሚያስተምር አልተመደበም፤ ባዶ ጊዜ ያለው ይገባል ተባለ፣ ባዶ ጊዜ ያለው ደግሞ አልነበረም። ሉባባ አራት ቀን መጣች። በአምስተኛው ቀረች። ጓደኛዋን ብጠይቃት «ጅማ ሄደች ቲቸር፣ ቡና ማበጠሪያ መጋዘን ሥራ ይዛለች» አለችኝ።

እያለቀስኩ ጋሽ ተማም ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስሟን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ፈልጎ የሚያመጣት ጻፊው ነው። ሲያገኛት መጀመሪያ እሱን ይነግራታል። ሂጂ ልጄ።»

ቅዳሜ ጅማ ወረድኩ። መጋዘኑ ውስጥ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነፍሳት የበላውን ፍሬ ከደህናው በጣታቸው ያወጣሉ። ሉባባ ጥግ ላይ ነበረች። ስታየኝ ነጠላዋን እያራገፈች ተነሣች።

«ቲቸር! እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አንቺን ፍለጋ ነዋ። ተመለሽ፣ ሉባባ። ፈተናው ገና ነው፣ ትደርሻለሽ።»

«እዚያ ክፍል ሁላችንም ከለቀማ የመጣን ነን። ማን ለማን ያሳያል? አራት ቀን ሙሉ ጠመኔ ይዞ የገባ ሰው አላየንም። እናቴ “የማትማሪ ከሆነ ሥሪ” አለችኝ። ወላሂ፣ እሷም አልተሳሳተች።»

«ክፍሉን አስፈርሰዋለሁ።»

«ለሌሎቹ ያስፈርሱላቸው። እኔ እንኳ እናቴን ከማሳ አሳርፌያታለሁ፤ ተመልሼ ለቀማ ላስገባት አልችልም።» ነጠላዋን መልሳ አጣፋች። «አቶ ጌቱ ስሜን ሲያነብ ሁሉም ዞሮ አየኝ። አላህ ይፈርድበታል። እርስዎ ግን አንድም ቀን በክፉ ዓይን አላዩኝም።»

አፌን ከፈትኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አልወጣልኝም። ጉንጬን ስማኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሸቤ ስመለስ ከአቶ ጌቱ ጋር ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅኩ። በመጨረሻ «እሺ፣ እንደ ድሮው አድርጉት፤ ውጤቱን ግን አንቺን ነው የምጠይቅ» አለኝ። ሃያ ሁለቱ ልጆች ተመልሰው ከየጓደኛቸው ጎን ተቀመጡ፤ ብዙዎቹም አለፉ። የሉባባ ጓደኛ ጎኗ ባዶ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰች።

ጋሽ ተማም ሲያገኙኝ «ነገርሻት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። ጎበዝ እንዳሉኝ ነው የሄዱት። በሕይወቴ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ ያመመኝ የለም።

ኋላ ጅማ ተዛውሬ እስከ ጡረታዬ እዚያው አስተማርኩ። ሉባባ እዚያው መጋዘን ከፍ ከፍ አለች። አንድ ጊዜ የውጭ አገር ገዢዎች መጥተው ሲናገሩ አስተርጓሚው ክምሩን ለሴቶቹ አከፋፍሉት አለ። ሉባባ እጇን አውጥታ «አይደለም፣ በዓይነት በዓይነቱ ለዩት ነው ያሉት» አለች። ገዢዎቹ ዞረው አዩዋት። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ ሲመጣ ሉባባ ትጠራለች፤ ዛሬ የሴቶቹ ሁሉ ኃላፊ ናት። ለሚጠይቃት ሁሉ «ቲቸር አልማዝ ናት ያስተማረችኝ» ትላለች። በዒድ ሥጋውን እንደማልበላ ታውቃለችና ለእኔ ለብቻ ቴምርና ኩኪስ ትልክልኛለች። እኔም መጽሐፍ እወስድላታለሁ፣ የማታ ትምህርት ተመዝገቢ እላታለሁ። «ጊዜው አለፈ፣ ቲቸር» ትለኛለች፤ ልጇን ግን አስተማረች። ባመሰገነችኝ ቁጥር ቆዳዬ ይጠበኛል።

ናትናኤል ደብተሩን በወሰደ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ቤቷ ሄድኩ። ሻይ አቀረበችልኝ። ሳልጠጣው ተናገርኩ።

«ሉባባ፣ ያንን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ዝርዝር?»

«ሸቤ፣ በሰልፉ ላይ የተነበበውን። አቶ ጌቱ ስም አምጡ አለ፣ ያንቺን ስም ያመጣሁት እኔ። እሱ ማን እንደሆንሽ እንኳ አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ የማውቅሽ። መጋዘኑ የመጣሁ ቀን ልነግርሽ ነበር፤ ፈራሁ። ይቅር በይኝ።»

ስኳሩን አማሰለች፣ አማሰለች።

«ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን ስረግም ኖርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ለእርስዎ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ዱዓ ሳደርግ። ሁለቱንም ለማይገባው ሰው ነው የሰጠሁት?»

ሻዩን ወደ ጎን ገፋሁት።

«ለምን ዛሬ?»

«አርጅቻለሁ፣ ሉባባ። ጊዜ የሚያልቅብኝ መሰለኝ።»

«የእርስዎን ጊዜ ነው ያሰቡት፣ አይደል?» ተነሥታ በሩን ከፈተችው። «ዛሬ ይሂዱልኝ፣ ቲቸር።»

ሄድኩ። ሦስት ሳምንት አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ መብቱ አልነበረኝም። ማታ ማታ ስለ እነዚያ ስድስት ግሶች አስብ ነበር። ያኔ ያደረግኩት ተመልሶ እንደሚገባው ቁልፍ ነው ወይስ እንደ ተበጠሰው ክር? ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩትን ለራሴ መመለስ አቃተኝ። እንቅልፍም አጣሁ፣ ምግብም አስጠላኝ። የደም ግፊት ኪኒኔን ሳይቀር ረስቼው እውል ጀመር።

በአራተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር?»

«አቤት።»

«አቶ ጌቱ በሕይወት አለ?»

«አለ። አጋሮ ልጁ ቤት ነው አሉ፣ ታሞ።»

«በሉ እንግዲያው፣ ዱዓዬን ለእሱ ጀምሬአለሁ። ሃያ ዓመት የረገምኩትን መካስ አለብኝ። እሱን ሳልጨርስ ወደ እርስዎ አልመለስም።»

«ይገባኛል» አልኩ።

«ረጅም ነው፣ ቲቸር። ወረፋው እስኪደርስዎ ድረስ እንዳይሞቱብኝ» አለችና ዘጋችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የደም ግፊት ኪኒኔን ሰዓቱን ጠብቄ እውጣለሁ።